ኮምፒዩተሩ «አይቀበልም» ሲል ማን ነው ያልተቀበለው?

(በአሽቀሎን ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች በተዘጋጀ የምሽት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ለመጽሔታችን ጥቂት ታርሞ የቀረበ)



የማኅበራችን ሰዎች ስለ ሥራዬ እንድነግራችሁ ሲጠይቁኝ መጀመሪያ እምቢ ልል ነበር። ሥራዬ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ነው። ቀኑን ሙሉ ኡልፓን ተቀምጦ የዋለ ሰው፣ ወይም ልጆቿን ከጋን አምጥታ፣ አብልታና አስተኝታ የመጣች እናት፣ ስለ ኮምፒዩተር ቋንቋ ብትሰማ ምን ይረባታል ብዬ አሰብሁ። በኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እዚህ አገር ከገባችሁ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳትሰሙት የማትቀሩት አንድ ንግግር አለ። ተራችሁን ጠብቃችሁ ከጸሐፊዋ መስኮት ፊት ስትቀርቡ፣ ወረቀታችሁን አይታ፣ ጥቂት ጽፋ፣ ራሷን ትነቀንቅና «ሐማሕሼቭ ሎ መካቤል» ትላችኋለች። ኮምፒዩተሩ አይቀበልም ማለቷ ነው። እናንተም ወረቀታችሁን ሰብስባችሁ ወደ ቤት ትመለሳላችሁ። ከኮምፒዩተር ጋር ማን ይከራከራል?

እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ነገር ነው። ኮምፒዩተሩ አይቀበልም ሲባል በውስጡ ምን እንደ ሆነ፣ ማን ማንን ጠይቆ ማን እንደ ከለከለ እነግራችኋለሁ። እኔ ከእነዚያ «አይቀበልም» ከሚሉት ፕሮግራሞች አንዱን በእጄ የጻፍሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ጥፋቱንም አውቀዋለሁ።

ከምታውቁት ልጀምር። ከጎንደርም ሆነ ከአዲስ አበባ የመጣችሁት ቴሌብርን ታውቁታላችሁ። ኢትዮ ቴሌኮም በፈረንጅ አቆጣጠር በግንቦት 2021፣ በእኛው በ2013 ያስጀመረው ነው። የመብራት ሂሳብ በቴሌብር ስትከፍሉ ስልካችሁ ከመብራት ቆጣሪው ጋር አልተነጋገረም። የቴሌብር ኮምፒዩተር የመብራቱን ድርጅት ኮምፒዩተር «የዚህ ደንበኛ ዕዳ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ያኛው «ይህን ያህል ነው» ብሎ መለሰ፤ ከዚያም «ከፍሏል፣ መዝግብ» ተባለ። ይህ ሁሉ እናንተ ዓይናችሁን ሳትከድኑ አለቀ። እዚህም እንደዚያው ነው። የኩፓት ሆሊም ሐኪም መድኃኒት ሲያዝላችሁ ወረቀት ባትይዙም ሌላ ሰፈር ያለው ፋርማሲ ትእዛዙን ያየዋል። ሐኪሙ ለፋርማሲው አልደወለም። ፕሮግራም ለፕሮግራም መልእክት ልኮ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ሥራ ልግባ። የምሠራበት ኩባንያ ደንበኞቹን በሁለት ቦታ ይመዘግባል። አንደኛው በኩባንያው ቤት ውስጥ ያለ አሮጌ መዝገብ ነው። ሁለተኛው ክላውድ ላይ ያለ የንግድ ሥራ መድረክ ነው። ክላውድ ማለት ደመና ነው፤ ነገር ግን ሰማይ ላይ የተሰቀለ ነገር የለም። በትልልቅ አዳራሾች ተደርድሮ፣ መብራትና ማቀዝቀዣ ተደርጎለት የሚከራይ የሌላ ሰው ኮምፒዩተር ነው። ጉግል በ2022፣ አማዞን ደግሞ በ2023 እንዲህ ያሉ ማዕከሎችን በእስራኤል ውስጥ ከፍተዋል። በዚያ ኮምፒዩተር ላይ የደንበኛ ስም፣ ስልክ፣ ውልና ሂሳብ የሚያዝበትን ፕሮግራም የሚያከራዩ ኩባንያዎች አሉ። በ1999 የተቋቋመው የአሜሪካው ሴልስፎርስ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው፤ ከዚህ አገር ደግሞ ፕሪዮሪቲ የሚባለው አለ። በየቅርንጫፉ መስኮት ላይ የተቀመጠችው ጸሐፊ የምታየው ይህን የክላውዱን መድረክ ነው። የእኔ ፕሮግራም ደግሞ በሁለቱ መካከል የሚመላለስ መልእክተኛ ነው። ከአሮጌው መዝገብ እያነበበ ወደ ክላውዱ ይወስዳል።

መልእክተኛው የተጻፈበት ቋንቋ ጃቫ ይባላል። ሳን ማይክሮሲስተምስ የተባለ ኩባንያ በ1995 ያወጣው ቋንቋ ነው። ስሙን ያገኘው ከቡና ነው፤ ጃቫ ቡና የሚበቅልባት የኢንዶኔዥያ ደሴት ናት። ቡናው ራሱ መጀመሪያ ከየት እንደ ሄደ ለእናንተ አልነግራችሁም።

መልእክተኛው ዝም ብሎ በር ሰብሮ አይገባም። ክላውዱ አንድ መስኮት አለው፤ ይህን መስኮት ዌብ ኤፒአይ እንለዋለን። እንደ ቢሮ መስኮት አስቡት፤ ልዩነቱ ከመስኮቱ በስተጀርባ የተቀመጠው ሰው ሳይሆን ፕሮግራም መሆኑ ነው። ይህ መስኮት ሥርዓት አለው። ደብዳቤው በምን መልክ እንደሚጻፍ፣ ምን ምን መሞላት እንዳለበት፣ ማን መጠየቅ እንደሚችል አስቀድሞ ተጽፏል። ደብዳቤው የሚጻፍበት መልክ አብዛኛውን ጊዜ ጄሰን የሚባለው ነው፤ «ስም፦ እንዲህ፤ የቤተሰብ ስም፦ እንዲህ፤ የመታወቂያ ቁጥር፦ እንዲህ» እያለ የሚሄድ፣ ዕብራይስጥ ቢጻፍበት አማርኛ ቢጻፍበት ግድ የሌለው ግልጽ ጽሑፍ ነው። ጃቫም ደብዳቤውን የሚያደርስበት የራሱ መሣሪያ አለው። አሮጌው መሣሪያ አስቸጋሪ ስለ ነበር ብዙዎቻችን የሌላ ሰው እንዋስ ነበር፤ በ2018 በወጣው ጃቫ 11 ግን ደኅናው አብሮ መጣ።

መልሱ ሁልጊዜ ቁጥር አለው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የዛሬው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። 200 ከተባለ ተቀብያለሁ ነው። 400 ከተባለ ደብዳቤህ በትክክል አልተጻፈም ማለት ነው። 401 ማን መሆንህን አላውቅም ነው። 403 ማን መሆንህን አውቃለሁ፣ ግን ለዚህ አልተፈቀደልህም ነው። 404 የምትፈልገው የለም ነው። 500 ደግሞ ጥፋቱ የእኔው የመስኮቱ ነው ማለት ነው። 503 ለጊዜው ሥራ በዝቶብኛል፣ ቆይተህ ተመለስ ነው። አያችሁ፣ ኮምፒዩተሩ «አይቀበልም» ብሎ ብቻ አያውቅም። ሁልጊዜ ዓይነቱን ለይቶ ይናገራል። ነገሩ ከእኛ ፕሮግራም ወደ ጸሐፊዋ፣ ከጸሐፊዋም ወደ እናንተ እስኪደርስ ድረስ እየጠበበ ይሄድና በመጨረሻ ሁለት ቃል ብቻ ይቀራል።

503 ሲመጣ መልእክተኛው መናደድ የለበትም። አንድ ሴኮንድ ይጠብቃል፤ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ አራት፣ ቀጥሎ ስምንት እያለ ይሞክራል። ነገር ግን እዚህ ወጥመድ አለ። ደብዳቤው ደርሶ መልሱ መንገድ ላይ ቢጠፋስ? መልእክተኛው እንደገና ይልካል፤ ሰውየውም ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። ሁለት ደብዳቤ፣ ሁለት ሂሳብ ይደርሰዋል ማለት ነው። ስለዚህ በደብዳቤው ላይ የማይደገም ምልክት እናደርግበታለን፤ መስኮቱም «ይህንን አስቀድሜ ተቀብያለሁ» ይላል። አንድ ዓይነት ሂሳብ ሁለት ጊዜ ከደረሳችሁ እንግዲህ ተንኮል ነው ብላችሁ አትነሡ፤ ግን ሁለቱንም ይዛችሁ ሂዱ እንጂ ሁለቱንም አትክፈሉ።

አሁን ስለ ቁጥራችሁ ልናገር። የቴዑዳት ዜሁት ቁጥር ዘጠኝ አኃዝ ነው። የመጨረሻው አኃዝ ከስምንቱ ተሰልቶ የሚወጣ የማረጋገጫ አኃዝ ነው። እርሳስ ያላችሁ ሞክሩት። ለምሳሌ 123456782 ብለን እንጻፍ። የመጀመሪያውን በአንድ፣ ሁለተኛውን በሁለት፣ ሦስተኛውን በአንድ፣ አራተኛውን በሁለት እያላችሁ እስከ መጨረሻው አባዙ። ብዜቱ ባለ ሁለት አኃዝ ከሆነ ሁለቱን ደምሩ፤ 12 ቢመጣ 3፣ 16 ቢመጣ 7 ይሆናል። ሁሉን ስትደምሩት 40 ይመጣል። ድምሩ ለዐሥር ያለ ቀሪ ከተካፈለ ቁጥሩ በትክክል ተጽፏል። ጸሐፊዋ ተሳስታ 7ቱንና 8ቱን ብታለዋውጥ ድምሩ 39 ይሆናል፤ ፕሮግራሙም ማንንም ሳይጠይቅ እዚያው ይመልሳታል። ይህ ዓይነቱ «አይቀበልም» የሚጠቅማችሁ ነው። ቁጥሩን እንደገና አንብባችሁ አስጽፉ፣ ያልፋል።

ሌላው የዜሮ ነገር ነው። ስልካችሁ በ05 ይጀምራል። ፕሮግራም ጸሐፊው ስልኩን እንደ ጽሑፍ ሳይሆን እንደ ሂሳብ ቁጥር ከያዘው፣ በሂሳብ ከፊት ያለ ዜሮ ዋጋ ስለሌለው ዜሮው ይጠፋል። በዜሮ የሚጀምር መታወቂያ ቁጥርም እንደዚያው ይጎድላል። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ከባንኩ የሚላከው መልእክት ስልካችሁ ላይ የማይደርስበት አንዱ ምክንያት ግን ይህ ሊሆን ይችላል።

ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

አንድ ቀን ጠዋት ከአንድ ቅርንጫፍ ስልክ ተደወለ። አንድ ሽማግሌ ሦስተኛ ጊዜ መጥተዋል፣ መዝገባቸው አይገኝም፣ ዕብራይስጥም አይችሉም፣ እንዳጋጣሚ አማርኛ የሚያውቅ ሠራተኛ አላችሁ ወይ አሉ። ስልኩን ሰጡኝ። «አባባ፣ እንደምን አደሩ» ስላቸው ለቅጽበት ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ እዚህ አገር የለህም ይሉኛል» አሉኝ። እኔም ቁጥራቸውን ተቀብዬ የፕሮግራሜን የሥራ ማስታወሻ ከፈትሁ። ፕሮግራሙ የሠራውን ሁሉ የሚጽፍበት ዝርዝር ነው። ስማቸው በየሌሊቱ ተጽፏል። በየሌሊቱ መልእክተኛዬ የእሳቸውን ወረቀት አንሥቶ፣ የልደት ቀናቸው ላይ ሲደርስ ወረቀቱን ጥሎ ወደሚቀጥለው ሰው ያልፍ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽማግሌው ወደ አገር ሲገቡ መቼ ተወለዱ ተብለው ተጠይቀዋል። እሳቸው የሚያውቁት የአንበጣውን ዓመት ነው፤ ያውም በእኛ አቆጣጠር። ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ ይህ ደርሶባችኋል። ዓመቱ ተገምቶ ሲጻፍ ወሩና ቀኑ ስላልታወቀ በወሩ ቦታ 00፣ በቀኑም ቦታ 00 ይደረጋል። መታወቂያችሁን አውጥታችሁ እዩ፤ ካላችሁ ታገኙታላችሁ። በዚህ አገር ሕጋዊ የልደት ቀን ነው። ጃቫ ግን ዜሮኛ ወር የሚባል አያውቅም። የቀን መያዣው መሣሪያ ከ1 እስከ 12 ካልሆነ እንዲህ ያለ ቀን የለም ብሎ ይጮኻል። እኔም ፕሮግራሙን ስጽፍ «የሚጮኽ ወረቀት ካለ ዝለለው» ብዬ አዝዤዋለሁ። ሌሊት ላይ አንዱ ስሕተት ሥራውን ሁሉ እንዳያቆም ብዬ ነበር። አያቴ መታወቂያቸው ላይ 00 እንዳለ እያወቅሁ ነው ይህን የጻፍሁት።

ዝርዝሩን ወደ ኋላ ስገልጠው ሽማግሌው ብቻቸውን አልነበሩም። የተዘለሉት ሰዎች ስሞች የማን እንደ ሆኑ እናንተ ገምቱ።

መድኃኒቱ ከባድ አልነበረም፤ ዓመቱን ለብቻው መያዝ፣ ወሩና ቀኑ ካልታወቁ ባዶ መተው፣ በክላውዱም ላይ ለልደት ዓመት የተለየ ቦታ መክፈት ነው። በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ተመዝግበው አደሩ። ሁለተኛውንም ነገር አስተካከልሁ፤ ከእንግዲህ ፕሮግራሙ የሚዘለውን ሰው ዝርዝር በየጠዋቱ ለሰው ይልካል። በነገራችን ላይ የኢትዮጵያን አቆጣጠር የሚያውቅ የጃቫ መሣሪያ አለ፤ ጆዳ ታይም የሚባለው ዐሥራ ሦስቱን ወር ጠንቅቆ ያውቃል። ከጃቫ ጋር አብሮ የሚመጣው መደበኛው ግን የታይላንድንና የጃፓንን ሲያውቅ የእኛን አያውቅም። የዕብራይስጡንም አያውቅም፤ ስለዚህ ቅር አይበላችሁ።

ከዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁ ለቤታችሁ ይበልጥ የሚጠቅመው ነው። አንዲት እናት ስሟ በአንድ ፊደል ተሳስቶ ተጻፈ እንበል። ወደ ቅርንጫፉ ሄዳ ለጸሐፊዋ ታስረዳለች፤ ጸሐፊዋም ደግ ናት፣ ታርምላታለች። በማግስቱ ስሕተቱ ተመልሶ ይመጣል። እንደገና ትሄዳለች፣ እንደገና ይታረማል፣ እንደገና ይመለሳል። ጸሐፊዋ አልዋሸችም። በቀን የታረመው ክላውዱ ላይ ነው። ሌሊት ግን የእኔ ዓይነቱ መልእክተኛ ከዋናው መዝገብ ተነሥቶ ይመጣና በዋናው የተጻፈውን በላዩ ላይ ይገለብጣል። የታዘዘው ይህንን ነው፤ ዋናው መዝገብ ያለው ነው እውነት ተብሏል። እንግዲህ ቅርንጫፉን ማረም ውሃው ከምንጩ ደፍርሶ ሳለ እንስራውን እንደ ማጠብ ነው።

ስለዚህ ስሕተት ስታዩ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ይህ ከየት መጣ?» ይሁን። ስምና የልደት ቀን ከሆነ ምንጩ ሚስራድ ሐፕኒም፣ የሕዝብ መዝገቡ ነው። ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከዚያ ይቀበላሉ። እዚያ አሳርሙ፣ የታረመውን ወረቀት ይዛችሁ ወደ ሌላው ሂዱ። አድራሻም ስትቀይሩ፣ ከመርካዝ ቅሊጣ ወጥታችሁ ቤት ስትገቡ፣ መጀመሪያ እዚያ አስታውቁ።

የስማችን ነገር ለብቻው ይነገራል። ታደሰ የሚለውን ስም በዕብራይስጥ ጻፉ ብላችሁ ለሁለት ጸሐፊዎች ስጡ። አንደኛዋ በቴት፣ ሁለተኛዋ በታቭ ትጀምራለች። መጨረሻው ላይ አንዷ ሄ፣ አንዷ አሌፍ ታደርጋለች። ይህ ብቻውን አራት ዓይነት ታደሰ ነው። ከበደ በካፍ ነው ወይስ በኩፍ? ለጆሮ ሁሉም አንድ ነው። ፕሮግራም ግን ጆሮ የለውም፤ ፊደል በፊደል ያስተያያል፤ አንዷ ከተለየች ሌላ ሰው ነው ይላል። በዚህ ላይ የቤተሰብ ስም አለ። በአገራችን ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል፣ ሚስትም በአባቷ። እዚህ ግን አንድ ቤት አንድ የቤተሰብ ስም ይጠየቃል። በገባችሁበት ቀን የአያት ስም ተወስዶ ይሆናል፤ ታላቅየው ልጅ ሌላ ጊዜ ከገባ ሌላ የቤተሰብ ስም ይዞ ይሆናል። ሁሉንም ወረቀት ዛሬውኑ አስተያዩ። ልጁ ለጦር ሠራዊት ሲጠራ ወይም ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ስትመዘገብ ከምታገኙት ዛሬ ማግኘት ይሻላል።

ስለ ምስጢር ቁጥር አንድ ነገር ልጨምር። መልእክተኛዬ ወደ መስኮቱ ሲሄድ የኩባንያውን የምስጢር ቃል ተሸክሞ አይዞርም። አስቀድሞ ማንነቱን አስመስክሮ ለአጭር ጊዜ የሚያገለግል የይለፍ ወረቀት ይቀበላል፤ ጊዜው ሲያልፍ 401 ይባላል፣ አዲስ ይጠይቃል። ወረቀቱ ቢሰረቅ እንኳ ብዙ አይጎዳም፤ የምስጢር ቃሉ ቢሰረቅ ግን ቤቱ ሁሉ ተከፈተ ማለት ነው። ስልካችሁ ላይ በመልእክት የሚደርሳችሁ የአንድ ጊዜ ቁጥር ደግሞ እናንተነታችሁን የሚመሰክር ነው። «ከባንክ ነኝ፣ የደረሰሽን ቁጥር ንገሪኝ» ብሎ የሚደውል ሰው፣ አማርኛ ቢናገርም፣ ዘመድ ነኝ ቢልም፣ አትስጡት። ጎረቤት ሊረዳችሁ ፎርም ሲሞላ እናንተው አጠገቡ ተቀምጣችሁ ቁጥሩን በእጃችሁ ጻፉ።

የራሳችሁን ሥራ ለመክፈት ለምታስቡ፣ ጽዳትም ይሁን የጭነት መኪና፣ በአጭሩ ይህን እወቁ። ከግንቦት 2024 ጀምሮ ነጋዴ ለነጋዴ ትልቅ ሐሽቦኒት ሲሰጥ ከግብር ባለሥልጣኑ የምደባ ቁጥር ማግኘት ግዴታ ሆኗል። መጀመሪያ ከ25,000 ሼቄል በላይ ለሆነው ነበር፤ በጥር 2025 ወደ 20,000 ወረደ፤ ከዚያ ወዲህም ወለሉ እየወረደ የሚሄድ ስለ ሆነ የአሁኑን የሂሳብ ሠራተኛችሁን ጠይቁ። ቁጥሩን የሚያመጣው የሂሳብ ፕሮግራማችሁ ነው፤ ከግብር ባለሥልጣኑ ዌብ ኤፒአይ ጠይቆ ይቀበላል። ቁጥሩ ከሌለ ገዢያችሁ በዚያ ሐሽቦኒት የከፈለውን ማዓም መልሶ ማቀናነስ አይችልም፤ ስለዚህ ገንዘባችሁን ለመክፈል ያመነታል። ርካሽ ነው ብላችሁ ይህን የማያደርግ ፕሮግራም አትግዙ።

ስለ ልጆቻችሁም ጠይቃችሁኛል። ይህ ሥራ የሊቅ ሥራ አይደለም፤ ትዕግሥትና ጥሩ ዕብራይስጥ፣ ጥቂትም እንግሊዝኛ ይፈልጋል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከማኅበረሰባችን ልጆች አንዱ አሸር ኤልያስ ቴክ ካሪየር የተባለውን የትምህርት ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ ነበር፤ በቂቡጽ ናሕሾን የጀመረው ይህ ትምህርት የኢትዮጵያ ተወላጅ ወጣቶችን ለፕሮግራም ጸሐፊነት ያዘጋጅ ነበር። እነዚያ ልጆች ከገቡበት ጊዜ ወዲህ አንድ ነገር ተለውጧል። ፕሮግራሙ በሚጻፍበት ክፍል ውስጥ «የ00 ልደት ያላቸው ሰዎችስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሊኖር ይችላል። ክፍሉ ውስጥ ተቀምጬ ሳልጠይቅ መቅረቴን ነግሬያችኋለሁ።

እንግዲህ ከነገ ጀምሮ «ሐማሕሼቭ ሎ መካቤል» ስትባሉ ወረቀታችሁን ከመሰብሰባችሁ በፊት «ማ ቢድዩክ ሎ መካቤል?» በሉ። በትክክል የቱን ነው ያልተቀበለው ማለት ነው። ስሙን ነው? ቁጥሩን? ቀኑን? ወይስ ለጊዜው መስመሩ ተቋርጦ ነው? የመጨረሻው ከሆነ ከሰዓት በኋላ ተመለሱ፣ ሌላ ወረቀት አታምጡ። ሌላው ከሆነ «በጽሑፍ ስጪኝ» በሏት፤ የጽሑፉን ቀንና የጸሐፊዋን ስም ያዙ። ዕብራይስጡ ካስቸገራችሁ ይህችን አንዷን ጥያቄ ከልጃችሁ ጋር አጥኑ።

ሻዩ እስኪፈላ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ። ቴዑዳት ዜሁታችሁንና የኩፓት ሆሊም ካርዳችሁን የያዛችሁ ደግሞ ወደዚህ ጠረጴዛ ቅረቡ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን ፊደል በፊደል አብረን እናያለን።